ግፊቴን በስልክ ስከታተል የተሳሳትኩት

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪሜ «ግፊትህም ኮሌስትሮልህም ከፍ ብሏል፣ ለልብህ ያሰጋል» ብሎ በስልክ ከምትከታተለኝ የጤና አሰልጣኝ ጋር አገናኘኝ። የደም ግፊት መለኪያው በፖስታ መጣ። በየሳምንቱ ሐሙስ እናወራለን። ጨው መቀነሱም፣ ከሥራ መልስ በእግር መሄዱም አልከበደኝም።

ያቃጠለኝ ልኬቱ ነው። ጠዋት ቡናዬን ፉት እያልኩ፣ ሶፋ ላይ እግሬን አነባብሬ፣ የመለኪያውን የክንድ ማሰሪያ በሹራቤ ላይ ጠምጥሜ እለካለሁ። የላይኛው ቁጥር 158። 162። 155። ቁጥሩን እልካለሁ። አሰልጣኟ «ጨው በዝቶብህ ይሆን?» ትለኛለች። ሽሮዬን ያለ ጨው መብላት ጀመርኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ወር ሙሉ «እንዴት ነው የምትለካው?» ያለኝ አንድ ሰው የለም! ሐኪሙም ቁጥሩን አይቶ መድኃኒት ጨመረልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሴ ላይ ቆሜ ዓይኔ ጨለመብኝ። አጠገቤ የነበሩ አባት ደግፈው ባያስቀምጡኝ ወድቄ ነበር።

ነገሩን የደረሰችበት ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ናት። በቪዲዮ ደውላ «ጋሼ፣ እስቲ ስትለካ ልይህ» አለችኝ። አይታኝ ደነገጠች። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይለካም። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ክንድ ይራቆታል፣ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በመሃል ወሬ የለም። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ማሰሪያውም ለክንዴ ጠባብ ነበር፤ ጠባብ ማሰሪያ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ትልቁን ገዛሁ። በማግስቱ 134 አሳየኝ። መድኃኒቱን በራሴ አላቆምኩም፤ መለኪያውን ይዤ ሐኪሙ ጋ ሄድኩና ከክሊኒኩ መለኪያ ጋር አስተያየነው። የጨመረውን ቀነሰልኝ።

እስካሁን ያናድደኛል። በራሴም እናደዳለሁ፤ ከመለኪያው ጋር የመጣውን ባለሥዕል ወረቀት ሳላነብ ነው የጣልኩት።

እናንተም እንደ እኔ በስልክ የሚከታተላችሁ አሰልጣኝ ካለ፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ የምግብ ወሬ ይቆይ በሏቸው። ካሜራ ከፍታችሁ ስትለኩ ይዩ። አስተርጓሚም ጠይቁ። እዚህ አገር የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እኔ ለሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ ብዬ፣ ያልገባኝን ሁሉ «እሺ» እያልኩ አልፌዋለሁ። የበላችሁትን በየቀኑ መዝግቡ ይላሉ። እኔ ትቼዋለሁ፤ ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው የቱን ለይቶ ይጽፋል? ይልቅ በርበሬያችሁ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ። የእኔ ገብቶበት ነበር።

አሁን ሹራቤን ወንበሩ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምለካው። ቡናው የሚፈላው ከዚያ በኋላ ነው።