በጀርባው ላይ የተጻፈው 1945

ቦታው በአሜሪካ ደቡብ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። የከተማዋ ጥቁር ወታደሮች ቤተሰቦች አልበማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ፎቶው ስካን ይደረጋል፣ ታሪኩ በድምፅ ይቀዳል፣ ዋናው እዚያው ለባለቤቱ ይመለሳል። የዕለቱ ኃላፊ ጧት ሥራ ሳይጀመር «ጀርባውን ተዉት፣ ጊዜ ይፈጃል» አለ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ትእዛዝ ነው።

እውነት ነው፣ ጊዜ ይፈጃል። በከፍተኛ ጥራት፣ በሙሉ ቀለም፣ ፋይሉ ሳይታመቅ ሲቀመጥ የአንድ ፎቶ ሥራ ቀላል አይደለም፤ ጀርባው ሲጨመር እጥፍ ይሆናል። ግን እነዚህ ቤተሰቦች ከአልበሙ ሌላ ምን አላቸው? በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1973 ሴንት ሉዊስ አጠገብ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ሲቃጠል፣ ከኅዳር 1912 እስከ ታኅሣሥ 1959 ባለው ጊዜ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር 80 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል። ቅጂም፣ ማይክሮፊልምም አልነበረም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማች፣ የሁለተኛው፣ የኮሪያው፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። ለብዙ ቤት የቀረው ማስረጃ የመሰናበቻ ወረቀትና የፎቶ ጀርባ ብቻ ነው።

አንዲት አሮጊት የአባታቸውን አልበም ይዘው መጡ። ሁለት ጥቁር ወታደሮች ትከሻ ለትከሻ ቆመው የተነሡት ፎቶ መመዝገቢያ ካርድ ላይ «ካልታወቀ ወዳጅ ጋር፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ 1945» ተብሎ ተሞላ። ካርዱን የሞላው በጎ ፈቃደኛ ጀርባውን ገልብጦ ቁጥሩን ብቻ ቀድቶ ነበር፤ ሌላው ጽሑፍ «ጭረት» መስሎት አለፈው።

ካርዱን ሳጣራ መጀመሪያ ያስቆመኝ ቁጥሩ ሳይሆን የትከሻው ምልክት ነው፤ በክብ መደብ ላይ ያለ የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ፣ የ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር። በ1945 ይህ ክፍለ ጦር ኦኪናዋ ላይ ይዋጋ ስለነበር ዓመቱ የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን የአሜሪካ ጦር ያኔ በቀለም የተከፋፈለ ነበር። ትሩማን መድልዎው እንዲቀር ያዘዘው በ1948 ነው፤ የጥቁሮቹ 24ኛ ሬጅመንት የፈረሰው ደግሞ ኮሪያ ላይ፣ በ1951 ነው። እንግዲህ ሁለት ጥቁር ወታደሮች ያንን ምልክት ለጥፈው በ1945 ምን ያደርጋሉ?

ፎቶውን ገለበጥኩት። በእርሳስ፣ በአማርኛ፦ «ለወዳጄ ማስታወሻ ይሁንህ። ኮሪያ፣ ጥር 1945።»

በእኛ አቆጣጠር ጥር 1945 ማለት በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7፣ 1953 ያለው ነው። ኢትዮጵያ የላከችው የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የተሰለፈው በዚሁ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛ ሬጅመንት ሥር ነው። ልብሱም ትጥቁም የአሜሪካ ስለነበር ፎቶ ላይ በሩቅ መለየት ያስቸግራል።

ለአሮጊቷ ሳነብላቸው አልተደነቁም።

«ነግሬያቸው ነበር እኮ» አሉ። «አባቴ ‹ይሄ ንጉሥ ካላት አገር የመጣ ልጅ ነው› ይል ነበር። ጧት ለዚያ ልጅ ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፈውም?»

«‹ማስረጃ አለዎት?› አለኝ። ማስረጃው እጁ ላይ ነበር።»

ኃላፊው አጠገባችን ቆሞ ነበር። ካርዱ ይስተካከል ከማለት በቀር ምንም አልተናገረ፤ ከሰዓት በኋላም ጀርባ ስካን አልተደረገም። በዚያ ቀን ካለፉት አልበሞች ስንቶቹ ተመሳሳይ ነገር ይዘው እንደተመለሱ ማን ያውቃል?

አዲሱ ካርድ ላይ የጀርባው ጽሑፍ እንዳለ ተገለበጠ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ገባ፣ የአባትየው ቃል ደግሞ «ልጃቸው እንደተናገሩት» ተብሎ ለብቻው ተመዘገበ። ሁለቱን መደባለቅ አይገባም፤ ኋላ የሚመጣው አጥኚ ወረቀቱ ያለውንና ቤተሰብ ያለውን ለይቶ ማየት አለበት። ፋይሎቹ አንድ ቁጥር ተሰጣቸው፣ ፊቱ «ሀ»፣ ጀርባው «ለ»።

የፈራሚው ስም ግን አልተገኘም። አንድ ሰው ፎቶውን ከአልበሙ ጋር በስኮች አጣብቆት ኖሮ ሙጫው ቡናማ ሆኖ ፊርማው ላይ ተቀምጧል። መብራቱን ከጎን፣ ዝቅ አድርገን ስናበራ የእርሳሱ ጉድጓድ በጥቂቱ ታየ፤ ሁለት ፊደል ያህል፣ ከዚያ በላይ አልሄደም። መላጥ አይሞከርም፣ ስኮቹ የወረቀቱን ገጽ ይዞ ይነሣል፤ ይህ የጥገና ባለሙያ ሥራ ነው። የሚያጣብቅ ገጽ ባለው አልበም ላይም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ገጹ እንዳለ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ሰም ያልተቀባ የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ በቀስታ ይሳባል፣ እምቢ ካለ ይተዋል። ጀርባ ላይ መጻፍ ግድ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዝ ላይ፣ ሳይጫኑ። የእስክሪብቶ ጭረት በፊት ለፊቱ አብጦ ይታያል፣ ቀለሙም ዘልቆ ይወጣል።

ወታደሮች ፎቶ ይለዋወጣሉ። አንዱ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛት ውስጥ ከተገኘ ሌላው አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ዋሽንግተን፣ ከአንድ የቃኘው ዘማች ልጅ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ከኋላው በእንግሊዝኛ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ስምና የከተማው ስም ተጽፎበት። የአባቶቻችሁን አልበም ስትከፍቱ የማታውቁት ፊት ካጋጠማችሁ «አባቴ ከአንድ ፈረንጅ አገር ሰው ጋር» ብላችሁ አትለፉት፤ ገልብጡት፣ ሁለቱንም ገጽ አንሡ፣ በሕይወት ያለ የሚያውቅ ሰው ካለ ፎቶውን እጁ ላይ አስይዛችሁ ድምፁን ቅዱ።