ሶስት እግር ያለው በርጩማ

ጅማ ውስጥ እንጨት ቤት ነው የምሰራው፣ በብዛት አልጋና ቁምሳጥን ነው፣ ጅማ የምትታወቅበትን ባለ ሶስት እግር በርጩማም ከአንድ ግንድ እየፈለፈልኩ እሰራለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ መጣና እናቴን ስትሮክ መቷት ግራ እጇና እግሯ አልታዘዝ ብሏታል፣ ቡና ማፍላት ግን አልተውም አለች፣ በርጩማው ደሞ ዝቅ ስለሚል ከተቀመጠች መነሳት ያቅታታል፣ ከፍ ያለ ስራልኝ አለኝ። ቁመቱ ስንት ይሁን ስለው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እዚህ ጋ አለ፣ የራሱ ጉልበት ላይ እኮ ነው፣ እሱ ደሞ ረጅም ነው፣ እኔም ለክቼ 50 ሳንቲም ብዬ ፃፍኩ።

ከዋንዛ አሳምሬ ሰራሁት። በሶስተኛው ቀን ደወለና ወደቀች አለኝ፣ ክው አልኩ፣ የያዝኩትን ጥዬ ጅሬን ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። እግዜር ይመስገን አልተሰበሩም፣ ዳሌያቸው አካባቢ ግን በልዟል፣ ከሰሉ የነበረው ደሞ በሌላው ጎን ነው፣ እሱን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

እማማ እስኪ እንዴት እንደሚነሱ ያሳዩኝ አልኳቸው፣ ልጁ ከኋላ ያዛቸው። ያኔ ነው የገባኝ። ደህናውን ቀኝ እጃቸውን መቀመጫው ጠርዝ ላይ ተጭነው ነው የሚነሱት፣ ክብደታቸው በሙሉ አንድ ጎን ላይ ያርፋል። ሶስት እግር ወለሉ ጎርበጥ ቢልም አይወዛወዝም፣ ጥሩነቱ እሱ ነው፣ ግን ክብደቱ ከሁለቱ እግሮች መስመር ወጣ ካለ ይገለበጣል፣ ከፍ ባለ ቁጥር ደሞ ይብሳል። እግራቸውም መሬት በደንብ አልረገጠም።

ቤት የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ከጉልበታቸው ጀርባ እስከ ወለሉ ለካሁ፣ 43 ሳንቲም ነው፣ ለመነሳት እንዲቀል 2 ጨመርኩ። ልወጣ ስል "ልጄ፣ ረከቦቱስ? ከላይ ሆኜ ወደ መሬት ጎንበስ ስል በአፍጢሜ ልደፋ ነው እኮ" አሉኝ። ይሄን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

አሮጌውን መልሼ ወሰድኩ፣ ሂሳብም አልጠየቅኩም። አዲሱን አራት እግር አደረግኩት፣ እግሮቹ ወደ ውጪ ከፈት ያሉ፣ ስራቸው እንዳያንሸራትት የመኪና ጎማ የተመታበት፣ በቀኝ በኩል ብቻ ጠንካራ የክንድ መደገፊያ ያለው። ለረከቦቱ ከወንበሩ ጋር የሚመጣጠን ጠረጴዛ ሰራሁ፣ ላዩ ላይ ሲኒዎቹ የሚገቡበት ጎድጎድ ያለ ክብ ፈለፈልኩ፣ በአንድ እጅ ሲቀዱ ሲኒውን የሚይዝላቸው ሌላ እጅ የለማ። ምድጃውን ልጁ በብሎኬት ከፍ አደረገው።

ስወስድላቸው ሶስቴ ተቀምጠው ተነሱ፣ ልጁ ሊደግፋቸው ሲል "ተወኝ" አሉት። ከዛ አፈሉና ጀበናውን ሲያነሱ መደገፊያው ክርናቸውን ነካው፣ እዛው መጋዝ አውጥቼ አራት ጣት ያህል አሳጠርኩት፣ አቦሉን እስኪቀዱልኝ ጨርሼ ነበር።