የሐረሩ ጥቅል ድሬ ላይ

ልጅ ሆኜ ሐረር ቤታችን ኦቨንም ፍሪጅም አልነበረም። በዓል ሲመጣ ግን ጣፋጭ አይጠፋም። አክስቴ ብስኩት በእጇ ትሰባብርና ከካካዎ፣ ከስኳርና ከገበታ ቅቤ ጋር ታሸዋለች። በፌስታል እንደ ቋሊማ ጠቅልላ መስኮት ሥር ታሳድረዋለች። ጠዋት ረግቶ ይገኛል። እኛ «ጥቅል» ነበር የምንለው። ቢላዋ ሲያርፍበት ከቡናማው መሃል ነጣ ነጣ ያለ የብስኩት ስባሪ ብቅ ይላል። እሱን ለማየት እንጋፋ ነበር።

አሁን የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ባለፈው ወር ቤተሰቡ እኔ ቤት ሲሰባሰብ ጥቅል ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። 400 ግራም ደረቅ ብስኩት፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ ሲኒ ወተት፣ ሁለት እፍኝ የተቆላ የባቢሌ ለውዝ።

የመጀመሪያው ተበላሸ። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ነው የጀመርኩት። ቅቤው ገና ሳልነካው ዘይት ሆነ። ብስኩቱ ጠጣውና ጭቃ መሰለ። ስኳሩ ደግሞ አልሟሟም፤ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። አክስቴ ጋ ደወልኩ።

«አቦ፣ ሐረር መሰለሽ እንዴ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። እዚያ የሌሊቱ ብርድ የሚሠራውን እዚህ ፍሪጅ ካልሠራው ማንም አይሠራውም።

ማታ እንደገና ጀመርኩ። ስኳሩንና ካካዎውን በሞቀ ወተት አሟሙቼ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። ቀን የዘለልኩት ይህንን ነው። ቅቤውን ሳይቀልጥ፣ ጣት ሲነካው ለስለስ እንዳለ ጨመርኩት። ብስኩቱን አላደቀቅኩትም። የአውራ ጣት ጥፍር ካከለ ይበቃል። ከደቀቀ ያ ነጭ ስባሪ አይታይም፣ ያለ እሱ ደግሞ ለእኔ ጥቅል አይደለም። ፍሪጅ ውስጥ አደረ።

እሁድ ያወጣሁት ቡናው ሊቀዳ ሲል ነው። ቢላዋውን ሙቅ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ ቆረጥኩት። አክስቴ አንዱን ቁራጭ አገላብጣ አየችው። ምንም ሳትል በላችና ሁለተኛ አነሳች። ስትሄድ ለጎረቤቷ ሦስት ቁራጭ ጠየቀችኝ። መንገድ ላይ እንዳይቀልጥ ሰጋሁ።

«ዳገቱን ወጥቶ እስከ ደንገጎ የሚያደርሰው በረዶ አድርጊበት» አለች። «ከዚያ ወዲያ አገሩ ራሱ ያረጋዋል።»