340 ጊዜ የተጫነ ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት የማስተዳድረው ሰርቨር ላይ የኢሜይል ወረፋው ተቆልሎ አገኘሁት። ሎጉን ከፍቼ ሳነብ፣ አንድ ባልደረባዬ የጻፈው ፕሮግራም 6 ሜጋባይት አባሪ ያለው ማስታወቂያ ለ340 ሰዎች እየላከ ነው። የሁሉም የመልእክት ሣጥን ያለው አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉውን ደብዳቤ እንደ አዲስ ይጭናል። አባሪ ለኢሜይል ሲሰናዳ 3 ባይት 4 ፊደል ስለሚሆን 6ቱ ሜጋባይት 8 ይገባል። 340 ጊዜ 8!

ያንገበገበኝ መፍትሔው የቆየ መሆኑ ነው። በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ በተዘረጋው፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው የኮምፒውተር መረብ በአርፓኔት ላይ ኢሜይል መጀመሪያ የሚጓዘው በፋይል ማስተላለፊያው በኤፍቲፒ ነበር። መስመሮቹ በሴኮንድ 50,000 ቢት ያህል ነው የሚያሳልፉት፤ የእኛ ደብዳቤ አንዱ ብቻ ከ20 ደቂቃ በላይ ይዟቸው ይቆይ ነበር። አንድ ኮምፒውተር ላይ 10 ተቀባይ ካለም ያው ጽሑፍ 10 ጊዜ ይመላለሳል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1977 ኬን ሃረንስቲን አርኤፍሲ 743 በተባለው አጭር ሰነድ መላ አመጣ፦ ተቀባዮቹ በየስማቸው ይጠሩ፣ ጽሑፉ ግን አንዴ ይሂድ። ጽሑፉን ማስቀደምም ተቀባዮቹን ማስቀደምም ይቻል ነበር። (ሃረንስቲን መስማት የተሳነው መሐንዲስ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ጉግል ውስጥ የዩቲዩብ ንግግር በጽሑፍ እንዲነበብ ከደከሙት አንዱ እሱ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሰነዱን በሌላ ዓይን ነው የማነበው።)

በ1982 የኮምፒውተር ሊቁ ጆን ፖስቴል ያወጣው ኤስኤምቲፒ፣ ዛሬም ሰርቨሮች ኢሜይል የሚላላኩበት ደንብ፣ ተቀባዮቹን የማስቀደሙን መንገድ ያዘ። ደግ አደረገ፤ አድራሻው ከሌለ ደብዳቤው ገና ሳይነሣ «የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ቢያንስ 100 ተቀባይ እንዲያስተናግዱም ያዛል።

ከባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን ዝርዝሩን በመቶ በመቶ ከፈልነው። 340 ጉዞ 4 ሆነ፤ 2,720 ሜጋባይት የነበረው 32።

እሱን ያሳሰበው ሌላ ነበር፦ «ሰዎቹ አንዱ የሌላውን አድራሻ ቢያይስ?» ለሰርቨሩ የሚነገረው የተቀባዮች ዝርዝር እንደ ፖስታ ሽፋን ነው፤ እኛ ካልጻፍነው ደብዳቤው ውስጥ አይገባም። ይህን በቃል ብነግረው አላመነኝም። ሁለታችንን በአንድ ጉዞ አስገብቼ ሙከራ ላክሁ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አገላብጦ የእኔን አድራሻ ፈለገ፤ አጣው። ከዚያ በኋላ ነው «በል ልቀቀው» ያለኝ።