የሞተር ጥቅል ብክነትን በሙቀት መለካት፦ እስካሁን የደረስኩበት

4 ጥንድ ዋልታ ያለው ሞተር በደቂቃ 15,000 ጊዜ ሲሽከረከር በጥቅሉ፣ ማለትም በተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ፣ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ድግግሞሽ 1,000 ኸርዝ ይደርሳል። በዚህ ድግግሞሽ ጅረቱ በመዳቡ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ አጠገቡ ያሉት ሽቦዎች የሚፈጥሩት መግነጢሳዊ መስክ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ በኦም መለኪያ የምናነበው ሬዚስታንስ እውነተኛውን ብክነት፣ ማለትም ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚጠፋውን ኃይል፣ አይነግረንም።

የምሠራው ሮተር (የሚሽከረከረው ክፍል) በሌለው የስታተር (የማይንቀሳቀሰው ክፍል) ቁራጭ ላይ ነው። በአንዱ ስሎት (በብረቱ ላይ ባለው ቦይ) ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት የመዳብ ዘንጎች ተደራርበው በተከታታይ ተያይዘዋል። ተለዋጩን ጅረት የማገኘው ከድምፅ አምፕሊፋየርና ቮልቴጅ ከሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው።

ቮልቴጅንና ጅረትን አባዝቶ ኃይሉን ማግኘት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በጥቅል ላይ የሁለቱ የማዕዘን ልዩነት (አንዱ ከሌላው የሚዘገይበት መጠን) ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። ልዩነቱ 89 ዲግሪ በሆነበት፣ የመለኪያው የ0.1 ዲግሪ መዛነፍ ብቻ ውጤቱን በ10 በመቶ ያዛባል። በዚያ ላይ የብረቱ ብክነት አብሮ ይደመራል። እኔ የመረጥኩት መዳቡን ራሱን መጠየቅ ነው፦ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ቀጭን ቴርሞካፕል (ከሁለት ሽቦዎች የተሠራ የሙቀት መለኪያ) አጣብቄ፣ ጅረቱ እንደተለቀቀ ሙቀቱ ወደ ብረቱ ሳይሸሽ በፊት በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደሚጨምር እመዘግባለሁ።

በመጀመሪያ ቀጥታ ጅረት እሰጠዋለሁ። በካሬ ሚሊ ሜትር 10 አምፔር ሲሆን መዳብ በሰከንድ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሲቀዘቅዝ ያንኑ መጠን በ1,000 ኸርዝ እደግመዋለሁ። የሁለቱን ፍጥነት ማካፈል የብክነቱን እጥፍ በቀጥታ ይሰጣል፤ የመዳቡን ክብደት ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። ዘዴውን የወደድኩት በዚህ ነው። መነሻው ሙቀት ግን አንድ መሆን አለበት፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በየዲግሪው 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራልና። የቴርሞካፕሉ ሁለት ሽቦዎችም እርስ በርስ ተገምደው ይውጡ፤ አለበለዚያ መስኩ ንባቡን ይረብሸዋል።

መዳቡ የስሎቱን ወርድ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ፣ በስሌት የታችኛው ዘንግ ብክነት በ7 በመቶ ብቻ ሲጨምር በስሎቱ አፍ በኩል ያለው ከ4 እጥፍ በላይ ይሆናል። የእኔ ልኬት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ኢንሱሌሽኑ ቦታ ስለሚይዝ የሚጠበቅ ነው። አራቱን መስመሮች በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጦ የላይኛው ብቻውን ሽቅብ ሲወጣ ማየት ግን ከየትኛውም ቀመር የበለጠ አስተምሮኛል።

ቀጥሎ የላይኛውን ዘንግ አውጥቼ በተገመዱ ቀጫጭን ሽቦዎች እተካዋለሁ። የሮተሩ መስክ በዚያው ዘንግ ላይ የሚጨምረውን ብክነት ለመለካት ደግሞ ሌላ መሣሪያ መሥራት ይኖርብኛል።