ትኬት ይዤ 60 ዩሮ ተቀጣሁ

በርሊን የኖረ ሁሉ ባቡሩ ቀላል ነው ይላችኋል። እውነት ነው። እኔን ጉድ የሠራኝም ቅለቱ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ሥር የባቡር ጣቢያ አለ። የትኬት ማሽኑ እንግሊዝኛ ይችላል። ከተማዋና አካባቢዋ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብለው በቀጠና ተከፍለዋል። ማረፊያው ሲ ውስጥ ስለሆነ ኤቢሲ የሚለውን ትኬት ገዛሁ። ብዙ እንግዳ ኤቢ ገዝቶ እዚሁ ላይ ይያዛል። እኔ አልተሳሳትኩም፤ ይህችን እንኳን ተዉልኝ።

ወደ ባቡሩ ስሄድ የሚከፈት በር የለም፣ ትኬት የሚያይ ሰው የለም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሳይል አንድ ፌርማታ አታልፍም። እዚህ ሁሉም ዝም ብሎ ይገባል። መተማመናቸው ገርሞኝ እኔም ገባሁ። መሳፈሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ቆማለች። አይቻታለሁ። ምን ትሠራለች ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

ኤስ9 በሚባለው የከተማ ባቡር ላይ ሻንጣዬን እግሬ መሃል አድርጌ ተቀመጥኩ። ጥቂት እንደሄድን ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡ ሁለት ጂንስ ለባሾች ብድግ አሉ። «ፋርካርተን፣ ቢተ!» ትኬት ማለታቸው ነው። ፈገግ ብዬ ሰጠሁ። ሰውየው ትኬቱን ገለባበጠና «አልተመታም» አለኝ።

ለካ ወረቀት ትኬት ከመሳፈር በፊት በዚያች ሳጥን ቀንና ሰዓት ይመታበታል። ካልተመታ እንዳልተገዛ ይቆጠራል። «አሁን ነው የገዛሁት፣ ገና ከአውሮፕላን መውረዴ ነው» አልኩ። «ካልተመታማ ነገም ትሄድበታለህ» አለኝ። ትክክል መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

አድለርስሆፍ ጣቢያ አወረዱኝ። ፓስፖርቴን ተቀብለው ጻፉ። አጠገቤ ጭራሽ ትኬት ያልገዛ ጎረምሳ ቆሟል። ለሱም 60 ዩሮ፣ ለኔም 60 ዩሮ! እሱ የለመደው ነው መሰለኝ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ። እኔ ከነሻንጣዬ ቆሜ እከራከራለሁ።

የአክስቴ ልጅ ማታ «ክፈልና ተገላገል» አለኝ። እንቢ አልኩ። ወረቀቱ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል ይላላ! ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ የትኬቱን ፎቶ አያያዝኩ። ሦስት መስመር መልስ መጣ፦ ሲሳፈሩ የሚያገለግል ትኬት አልነበረዎትም። መልሱን ስጠብቅ የመክፈያው ቀን አልፎ ጭማሪ መጣብኝ። ይኼኛው የነሱ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ግትርነት ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ የፈለገውን ይበል፣ ሳታስመቱ ከተያዛችሁ ክፈሉ። በስማችሁ የወር ትኬት ኖሯችሁ ቤት ረስታችሁት ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ በኋላ ወስዳችሁ ስታሳዩ ትንሽ ብቻ ነው የሚያስከፍሏችሁ።

እኔ አሁን በስልክ ነው የምገዛው። የአንድ ጉዞ ትኬት ወዲያው ስለሚጀምር ማስመታት የለም። ሳትሳፈሩ ግዙ፤ ተቆጣጣሪ አይቶ መግዛት አያድንም። ባትሪያችሁንም ሙሉ፣ ስልኩ ከጠፋ ትኬት የለም። የኤቢው ነጠላ ትኬት ሁለት ሰዓት ይሠራል፣ ግን ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ገበያ ደርሼ በዚያው እመለሳለሁ ብሎ ነገር የለም።

ለቱሪስት የሚሸጡትን ካርዶች እኔ አልወደድኳቸውም። ወር የሚቆይ ሰው የጀርመን ትኬት የሚባለውን ይያዝ፤ በአገሪቱ የከተማ ትራንስፖርትና የክልል ባቡሮች ሁሉ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2025 58 ገባ፣ ከዚያም ጨመረ። ግን በየወሩ ራሱን የሚያድስ ውል ነው። ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዛችሁ የሚቀጥለውንም ትከፍላላችሁ።

የአክስቴ ልጅ በስልክ እንደምገዛ ያውቃል። ቢሆንም ባቡር በተሳፈርን ቁጥር «አስመታህ?» ይለኛል።