ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላ ለሚጠምቅ፦ ከብቅሉ እስከ ቅራሪው

ቢራ ቤቴ ውስጥ ልጥመቅ ብሎ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቢራን የሚያመርረው ሆፕስ የት ይገኛል፣ የቢራ እርሾስ ማን ይሸጣል የሚለውን ነው። የሚያስፈልገው ሁሉ ግን እህል በረንዳና ቅመም ተራ አለ። ጠላ የገብስ ቢራ ነው። ብቅል አለው፣ መራራ ቅጠል አለው፣ እርሾ አለው። የሆፕስን ቦታ ጌሾ ይዞታል፤ እርሾውም በፓኬት አይገዛም፣ ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከመጥመቂያ ዕቃው ይመጣል። ስለዚህ ጠመቃ መልመድ የፈለገ ሰው በጠላ ይጀምር እላለሁ። ሲጀምርም በጋን ሳይሆን በ30 ሊትር ባልዲ ይጀምር፤ ቢበላሽ የሚደፋው ትንሽ ነው፣ በወር ሁለቴ ሞክሮ ስህተቱን ማየትም ይችላል።

የምሰጣችሁ ልክ ለአንድ ባልዲ ነው፦ 1 ኪሎ ብቅል፣ 3 ኪሎ ገብስ ለእንኩሮ (ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና በውኃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ለሚበስለው ፍርፋሪ)፣ ግማሽ ኪሎ ዱቄት ለቂጣ፣ 250 ግራም የተወቀጠ ጌሾ ቅጠል፣ 150 ግራም የተከተከተ ጌሾ እንጨትና በጠቅላላው 16 ሊትር ውኃ። እህሉ ውኃ ስለሚጠጣ ከዚህ የሚወጣው የጠለለ ጠላ ወደ 11 ሊትር ይሆናል። ባልዲው ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ምንም ቢታጠብ አይሆንም።

ብቅሉ

የጠላ ነገር የሚያልቀው ብቅሉ ላይ ነው። ተፈጭቶ የተዘጋጀ ብቅል ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ነገር ግን እንዴት እንደደረቀ አታውቁም፣ መቼ እንደተፈጨም አታውቁም። ቢያንስ አንዴ ራሳችሁ አብቅሉ።

ለ1 ኪሎ ብቅል 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ገብስ ይበቃል። ገብሱ ያልተፈተገ፣ ያልተቆላ፣ ነቀዝ ያልነካው ይሁን። ሻጋታ የሸተተ እህል በፍጹም አይገባም፤ የሻጋታ መርዝ በመቁላትም በመቀቀልም አይጠፋም። ከመንከራችሁ በፊት 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሦስት ቀን አቆዩ። 95 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው፤ ከ80 በታች ከሆነ ሌላ ገብስ ፈልጉ፤ ያልበቀለው ፍሬ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይሻግታል።

ገብሱን ለቅማችሁ፣ አጥባችሁ፣ የሚንሳፈፈውን ገፋችሁ ለ24 ሰዓት ንከሩት። ውኃውን በየ8 ሰዓቱ ቀይሩ። ፍሬው ስለሚተነፍስ በአንድ ውኃ ከቆየ ይታፈንና ይሸታል። ከዚያ አጥልላችሁ ሰፌድ ወይም ትሪ ላይ ከአራት ጣት ባልበለጠ ውፍረት አስጡት፤ በኮባ ቅጠል ወይም በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት። የሚበቅል እህል ይሞቃል። ጠዋትና ማታ እጃችሁን መሃሉ ላይ ክተቱና ሙቀቱ ሲሰማችሁ ገልብጡት፤ ካልተገለበጠ ሥሩ ተጠላልፎ አንድ ጓል ይሆናል፣ መሃሉም ይበሰብሳል። በአዲስ አበባ አየር ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። ሥሩ የፍሬውን ቁመት ሲያክል፣ ፍሬውንም በጣታችሁ ስትጨምቁት እንደ ጠመኔ ሲፈረፈር ደርሷል።

የሚደርቀው በፀሐይ ነው። ሁለት ሦስት ቀን፣ ስስ ተደርጎ ይሰጣ። ዝናብ መጣ ብሎ ምጣድ ላይ ማድረቅ ብቅሉን ይገድለዋል። ሲደርቅ ሥሩን በእጅ አሽታችሁ አራግፉ፤ ከሽርክት ትንሽ ደቀቅ አድርጋችሁ አስፈጩ።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ላስረዳ። እርሾ ስታርች አይበላም፣ የሚበላው ስኳር ነው። ገብስ ሲበቅል በውስጡ ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይፈጠራል። ኢንዛይሙ ጥሬ ስታርች ላይ ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ የበሰለና ውኃ የጠጣ ስታርች ላይ ግን ፈጣን ነው። ቂጣና እንኩሮ የምንሠራው ለዚህ ነው፤ የበሰለው እህል ምግቡ ሲሆን ያልሞተው ብቅል ቢላዋው ነው። የቢራ ፋብሪካ ይህን ሥራ በ65 ዲግሪ አካባቢ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ከዚያ በኋላ እርሾ ይጨምራል። በጠላ ሁለቱ ሥራ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ጊዜ፣ በቀዝቃዛ ይሄዳል፤ ቀናት የሚፈጀውም ስለዚህ ነው።

ገበያ የገዛችሁት ብቅል ሕይወት እንዳለው ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። በአንድ ኩባያ ውኃ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ዱቄት አብስላችሁ ወፈር ያለ አጥሚት ሥሩ። ጣት ለሁለት ሰከንድ ብቻ እስኪችለው ድረስ፣ ማለትም 60 ዲግሪ አካባቢ፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ አንድ ሾርባ ማንኪያ ብቅል ጨምራችሁ አማስሉ። ደህና ብቅል ከሆነ አጥሚቱ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ውኃ ይቀጥናል፤ በግማሽ ሰዓት ደግሞ ምላስ ላይ ይጣፍጣል። እንደወፈረ ከቀረ ያንን ብቅል ለጠላ አታውሉት።

እንኩሮና ቂጣ

ሦስቱን ኪሎ ገብስ እንደ ቆሎ ጥቁር ቡናማ እስኪሆን ቁሉት፤ ይህ አሻሮ ነው። አስፈጩት። ዱቄቱን ሰፊ ዕቃ ላይ አድርጋችሁ ውኃ እየረጫችሁ እሹት። ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ ውኃው በቅቶታል። ሊጥ ከሆነ በዝቷል፣ ደረቅ ዱቄት ጨምሩበት። ከዚያ የጋለ ምጣድ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያደረጋችሁ ሳታቋርጡ አገላብጡ። መጀመሪያ እንፋሎት ብቻ ነው የሚወጣው፤ ቀጥሎ የዳቦ ሽታ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይ ፍርፋሪው ይጠቁርና ቡና ሲቆላ የሚሸተውን ይሸታል። እዚያ ላይ አውርዱት። ጭስ ካወጣና ከሰል ከመሰለ ጠላው የተቃጠለ ይመራል፤ ይህ ምሬት የጌሾ ምሬት አይደለም፣ በጊዜ ብዛትም አይለቅም። የጠላው መልክ የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ነጣ ያለ ጠላ ከፈለጋችሁ አሻሮውንም እንኩሮውንም ቀለል አድርጉ።

ቂጣው ቀላል ነው። የገብስ፣ የስንዴ፣ የበቆሎ ወይም የጤፍ ዱቄት በውኃ ለውሳችሁ ስስ አድርጋችሁ ጋግሩ፤ ጠርዙ ትንሽ ቢያር አይጎዳም። ቆራርሱት።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ማሰሮ ወይም እንስራ ያለው ሰው በግራዋ ቅጠል አሽቶ ይጠበው፣ ደጋግሞ ያለቅልቀው፣ ከዚያ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ አድርጎ ዕቃውን ጭሱ ላይ ይድፋው፤ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፣ የሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀውን ባክቴሪያም ይቀንሳል። ፕላስቲክ ግን አይታጠንም። ባልዲውን በሳሙና አጥባችሁ በ4 ሊትር ውኃ አንድ ሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩበት፤ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቁት። በረኪና ከኮምጣጤ ጋር አይቀላቀልም፣ መርዛም ጋዝ ያወጣል። ሸክላ ደግሞ በበረኪና አይታጠብም፤ ይጠጣውና በኋላ ወደ ጠላው ይመልሰዋል። የወይራውን ሽታ የሚወድ ሰው በባልዲ ጠምቆ የጠለለውን በታጠነ ማሰሮ ያቅርብ።

ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ጠላ

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው አፍልታችሁ አቀዝቅዙት።

በመጀመሪያው ቀን 5 ሊትር ውኃ ባልዲው ውስጥ ጨምራችሁ የተወቀጠውን ጌሾ ቅጠል በጥብጡበት፤ ይህ ጥንስሱ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሁለት ቀን አቆዩት። ምሬቱና ሽታው ወደ ውኃው ይወጣል። ጌሾ ከማምረር ሌላ የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎች ያዳክማል፤ ቀድሞ የሚገባበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ብቅሉንና ቂጣውን ጨምሩ። ቤቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ላዩ አረፋ ያነሳል፣ ጆሮ ሲጠጋም ሲንሾካሾክ ይሰማል። በቀን ሁለቴ በንጹሕ ማማሰያ አማስሉት። ላይ የሚንሳፈፈው ክፍል ደርቆ ከቆየ የሚሻግተው እሱ ነውና ማማሰሉን አትተዉ።

በአምስተኛው ቀን ፈጽሞ የቀዘቀዘውን እንኩሮ፣ ጌሾ እንጨቱንና 3 ሊትር ውኃ ጨምራችሁ አዋህዱ። እንኩሮ በትኩሱ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል፤ የጀማሪ ጠላ ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ብዙ ጊዜ የማየው ይህን ነው። አሁን ድፍድፍ ሆኗል፤ ወፍራም ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አማስሉት፣ ከዚያ ከድናችሁ ተዉት። ክዳኑ አይጠርቀም። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫ ካጣ ባልዲውን ይሰነጥቃል ወይም ክዳኑን ያፈናጥራል። ክዳኑን በስታችሁ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አስገቡ፣ ዙሪያውን በሊጥ ምረጉ፣ የቱቦውን ጫፍ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም፤ የአረፋውን ብዛት እያያችሁም ሥራው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

በ11ኛው ወይም በ12ኛው ቀን አረፋው ሲዘገይ የቀረውን 8 ሊትር ውኃ ጨምሩ፣ አንዴ አማስሉ፣ ክደኑ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ዝቃጩ ይወርዳል፣ ላዩ ይጠልላል። ቅመሱት። ጣፋጭነቱ ከጠፋ ደርሷል። ከላይ ቀስ ብላችሁ ቅዱና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ሳይጠል የሚጠጣው ጉሽ የሚወደድ ነው፤ ሆድ ግን ይነፋል፣ ምክንያቱም ሥራውን አልጨረሰም። የቤት ጠላ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፤ ውኃ ሳይበዛበት የሚጠለለው ፊልተር ጠላ ከዚያ ይበልጣል።

ሲበላሽ

ብቅል ከገባ በኋላ በ36 ሰዓት ውስጥ አረፋ ካልታየ ወይ ቤቱ ቀዝቅዟል ወይ ብቅሉ ሞቷል። ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አድርጉ። በማግስቱም ዝም ካለ 200 ግራም የተፈተነ ብቅልና አንድ ሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ ጨምሩ። እርሾውን ብቻ መጨመር አይበቃም፤ ስኳር ከሌለ የሚበላው የለውም።

መጠነኛ ኮምጣጣነት የጠላ ጠባይ ነው፤ ከላክቲክ አሲድ ይመጣል። አፍንጫ የሚወጋ የኮምጣጤ ሽታ ግን ሌላ ነገር ነው። አየር ገብቶ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ መቀየር ጀምሯል፤ መመለሻ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደረሰ አልደረሰ እያሉ በየሰዓቱ ከመክፈት ነው። ላዩ ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከታየ ገፍፎ መጠጣት የለም፣ ሁሉም ይደፋ። ጌሾ በዝቶ ከመረረ በ1 ሊትር ውኃ ማቅጠን ይቻላል፣ ሌላ መድኃኒት አላውቅለትም። ያልጨረሰ ጣፋጭ ጠላ በመስታወት ጠርሙስ አትዝጉ፤ ይፈነዳል፣ ሰው ይጎዳል። በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ ስትጫኑት ጠንክሮ ካገኛችሁት ክዳኑን ላላ አድርጉ።

ውጭ አገር ለምትኖሩ

ጌሾ ቅጠልም እንጨትም በኢትዮጵያውያን ሱቆች ደርቆ ይሸጣል። ብቅሉን ከቤት ጠማቂዎች ሱቅ ፔል ሞልት የሚባለውን የገብስ ብቅል ገዝታችሁ ማስፈጨት ትችላላችሁ፤ ኢንዛይሙ ሕያው ነው። ክሪስታል የሚባለውና የተቆላው ሞልት ግን በእሳት ስላለፈ ብቅልን አይተካም፣ ከእንኩሮ ጋር ቢገባ ይሻላል። በአሜሪካ ለራስ ፍጆታ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው በ1978 በወጣ ሕግ ነው፤ ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን። መሸጥ አይፈቀድም፣ የየስቴቱንም ሕግ ማየት ያስፈልጋል። ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት ውስጥ ግን መጥመቁ ራሱ ወንጀል ስለሆነ አትሞክሩት።

ጠላው ከተቀዳ በኋላ የቀረውን ዝቃጭ ቶሎ አትድፉት። በማግስቱ 4 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ጨምራችሁ ሁለት ቀን ብታቆዩት ቀለል ያለ ቅራሪ ይወጣዋል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ካልተጠጣ ይኮመጥጣል። ከቅራሪው በኋላ የሚቀረው አተላ ለከብት ይሆናል፤ ከብት ለሌለው ደግሞ ከደረቅ ቅጠል ጋር አደባልቆ ጓሮ ውስጥ መቅበር ይቻላል፣ ለአፈሩ ጥሩ ነው።